ዶሮ፣ ዳክዬ፣ ቱርኪና ርግብ በአንድ ግቢ፦ የመለየት ሥራ ማስታወሻ

ጥር፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ግቢው የአክስቴ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ከጨለለቃ ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ። በቆርቆሮ በተሠራው ቤት ውስጥ ሰማንያ የሚያህሉ ቦቫንስ የሚባሉ የውጭ ዝርያ እንቁላል ጣዮች አሉ። ከውጭ የሀበሻ ዶሮዎች ከነጫጩቶቻቸው ይጭራሉ፤ ማታ ማታ ማድ ቤቱ ጎን ያለ ቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። ስድስት ቱርኪዎች፣ ጥንድ ጅግራና አሥር ያህል ዳክዬዎችም አሉ። ዳክዬዎቹ ከቧንቧው ሥር የተቆፈረች ጉድጓድ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይውላሉ። የጎረቤት ልጅ የሚያረባቸው ርግቦች ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከጣሪያው ወርደው ከዶሮዎቹ ጋር መኖ ይለቅማሉ። ሁሉም የሚጠጡት ከዚያችው ከቧንቧዋ ሥር ካለችው ጉድጓድ ነው።

ዘንድሮ የያዝኩት ሥራ ይህን ግቢ በዝርያ በዝርያ መክፈል ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደመሆኔ ሰው ቤት እየሄድኩ የምመክረውን ነገር እዚህ ከመሠረቱ ጀምሬ ልሠራው፣ እግረ መንገዴንም በማስታወሻ ልይዘው ወስኛለሁ። ተመሳሳይ ግቢ ያለው ሰው ብዙ ነው።

አክስቴ ሐሳቡን ስነግራት የመለሰችልኝ ይህን ነበር፦ «ዶሮዎቹን እንደፈለግህ አድርጋቸው። ዳክዬዎቹ ግን ታመው አያውቁም፤ እነሱን ለምን ታስራቸዋለህ?»

የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። ፈንግል የምንለውን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ከ200 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎችን መያዝ ይችላል፤ ሁሉንም ግን እኩል አይጎዳም። ክትባት ያልወሰደ የዶሮ መንጋ ላይ ኃይለኛው ዓይነት ሲገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢ ያራቁታል። ቱርኪ ይታመማል፣ ግን ከዶሮ ይሻላል። ዳክዬና ዝይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን በኩሳቸው ያወጣሉ። ስለዚህ ዳክዬው አለመታመሙ ለዳክዬው ደኅንነት ማስረጃ ነው እንጂ ለዶሮዋ ዋስትና አይሆንም። ጤነኛ መስሎ የሚዞረው ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

በዚያው ሳምንት፦ የትኛው ይሻገራል፣ የትኛው አይሻገርም

አጥር ከመትከሌ በፊት የትኛው በሽታ ከየትኛው ዝርያ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ለይቼ መጻፍ ነበረብኝ። ሁሉንም በጅምላ «ይተላለፋል» ማለት ለሥራ አይጠቅምም፤ ገንዘቡም ጉልበቱም ያለቦታው ያልቃል።

ፈንግልና የወፍ ጉንፋን ድንበር የማያውቁ ናቸው። ሁለቱም ከዶሮ ወደ ቱርኪ፣ ወደ ጅግራ፣ ወደ ድርጭት ይሄዳሉ፤ ሁለቱም በውኃ ወፎች ውስጥ በዝምታ ሊቆዩ ይችላሉ። የግቢው አከፋፈል በእነዚህ ሁለቱ ነው የሚወሰነው።

ጉምቦሮ ሌላ ነው። በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ጉምቦሮ በተባለ አካባቢ በ1962 እ.ኤ.አ. የታወቀው ይህ በሽታ ሁለት ዓይነት ቫይረስ አለው፤ ዶሮን የሚያሳምመው አንደኛው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ቱርኪ ላይ ይገኛል እንጂ ሕመም አያመጣም። ስለዚህ ስለ ጉምቦሮ ስጨነቅ ዓይኔ ቦቫንሶቹ ላይ፣ በተለይ በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ባሉ ጫጩቶች ላይ ነው። ዳክዬን በገፍ የሚገድለው የዳክዬ ሄርፐስ ደግሞ ከዳክዬና ከዝይ ወገን አይወጣም፤ ዶሮን አይነካም።

ፈንጣጣው መሐል ላይ ነው። የዶሮ፣ የቱርኪና የርግብ ፈንጣጣ ቫይረሶች የተለያዩ ግን ዘመዳሞች ሲሆኑ ትንኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። በዚህ ምክንያት የቧንቧው ሥር ጉድጓድ ለፈንጣጣም መነሻ ነው፤ የቆመ ውኃ ትንኝ ይፈለፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የዝርያ መሻገር ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። የማሬክ በሽታ የሚባለው የዶሮ ዕጢና ሽባነት ዓለምን ሲያስጨንቅ መፍትሔ የተገኘው ከቱርኪ ነው፦ ቱርኪን ምንም የማያደርግ ሄርፐስ ቫይረስ ዶሮ ውስጥ ሲገባ ከማሬክ እንደሚከላከል ተረጋገጠና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ክትባት ሆኖ ይሰጣል። ከቱርኪ የመጣ ቫይረስ እስከ ዛሬ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ጫጩቶች ጋሻ ነው።

አንድ ቫይረስ ያልሆነ ነገርም ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ምክንያቱም ግቢውን የመክፈል ምክንያት ይሆናል። ቱርኪን በጉበቱ የሚገድል ሂስቶሞናስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ አለ። ዶሮ ላይ ብዙ ጉዳት አያሳይም። የሚጓዘው በዶሮ አንጀት ትል እንቁላል ውስጥ ተደብቆ ሲሆን ያ እንቁላል መሬት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ዶሮ የጨረበት መሬት ላይ ቱርኪ ማሳደግ ዶሮዎቹ ከተወሰዱ በኋላም አደጋ ነው።

የካቲት መጀመሪያ፦ ውኃው

ከአጥሩ በፊት ውኃውን ጀመርኩ። ዳክዬ ውኃ ውስጥ ይበላል፣ ውኃ ውስጥ ይጸዳዳል፣ ያንኑ ውኃ ዶሮ ይጠጣዋል። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይህ ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው።

ጉድጓዷን በድንጋይና በአፈር ሞላናት። የቧንቧው ፍሳሽ ወደ ጎመኑ መደብ እንዲሄድ ቦይ ወጣለት። ለዳክዬዎቹ በግቢው ዝቅተኛ ጥግ የፕላስቲክ ገንዳ ተቀበረላቸው፤ ጥጉን የመረጥኩት የዝናብ ውኃ ከዳክዬዎቹ ወደ ዶሮዎቹ እንዳይፈስ ነው። ይህን ለማየት ሜትር አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ ውኃ መሬት ላይ ደፍቶ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ይበቃል። የዶሮዎቹ መጠጫ በጡብ ላይ ከፍ ብሎ፣ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ተቀመጠ። ዝቅ ሲል ጉዝጓዝና ኩስ ይገባበታል።

አክስቴ ዳክዬዎቹ አዲሱን ገንዳ እስኪለምዱት ድረስ አኩርፋ ነበር። አሁን ውኃውን በየዕለቱ የምትቀይርላቸው ራሷ ናት።

የካቲት፦ አጥሩና እግር መንከሪያው

አናጺው እንጨትና ወንፊት ሽቦ ይዞ መጣ። ግቢው በአራት ተከፈለ፦ የቦቫንሶቹ ቤት ከፊት ለፊቱ ካለች ትንሽ መሬት ጋር፣ የሀበሻ ዶሮዎቹ፣ የቱርኪዎቹና የጅግራዎቹ፣ የዳክዬዎቹ። ቱርኪዎቹ የተሰጣቸው መሬት ከዚህ በፊት ዶሮ ያልዋለበት የአትክልት ቦታ ነው፤ ምክንያቱ ከላይ ያነሳሁት የትሉ እንቁላል ነው።

አናጺው ጎን ለጎን ያሉትን ክፍሎች በአንድ የሽቦ አጥር ሊለያቸው ነበር፤ ሽቦ ይቆጥባል። እኔ መሐላቸው ሰው የሚያልፍበት መተላለፊያ እንዲቀር ጠየቅሁት። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መሬት ለባዶ ትተወዋለህ?» አለኝ። ጋሼ፣ አልኩት፣ በአንድ ሽቦ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ወፎች እኮ አልተለያዩም፤ ምንቃር ለምንቃር ይገናኛሉ፣ አቧራቸው ይቀላቀላል፣ የአንዱ ኩስ በሌላው መሬት ላይ ይረጫል። የተስማማነው አንድ ሰው ተሽከርካሪ ጋሪ ይዞ የሚያልፍበትን ያህል ስፋት በመተው ነው። አሁን መተላለፊያው ላይ መኖና ጭድ ይጓጓዛል፤ አናጺው ራሱ «ለካ ይጠቅማል» ብሎ ሄደ።

በየክፍሉ በር ላይ እግር መንከሪያ ተቀመጠ፤ ውስጡ በውኃ የቀጠነ በረኪና። ሁለት ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። በረኪና ኩስ ሲገባበት ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ጫማው አስቀድሞ በብሩሽ ካልተጠረገ መንከሩ ለታይታ ብቻ ይሆናል። ፀሐይም ያደክመዋል፤ በየዕለቱ መቀየር አለበት። ለዚህ ነው ከመንከሪያው ይልቅ በየክፍሉ የተለየ ጫማ ማስቀመጥን የምመርጠው። አሮጌ የፕላስቲክ ጫማ ቢሆን ይበቃል፤ የዳክዬው ክፍል ጫማ ከዳክዬው ክፍል አይወጣም። አክስቴ ጫማዎቹን በየክፍሉ ቀለም ቀብታ ለየቻቸው።

የሥራ ቅደም ተከተልም ተጻፈ፦ ጠዋት መጀመሪያ ጫጩቶች፣ ከዚያ ቦቫንሶች፣ ከዚያ ሀበሾች፣ ቱርኪና ጅግራ፣ መጨረሻ ላይ ዳክዬ። ከዳክዬ ወደ ጫጩት መመለስ የለም።

የካቲት አጋማሽ፦ ርግቦቹ

የጎረቤቱ ልጅ ርግቦቹን ይወዳቸዋል፤ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሊያስወግዳቸው የሚችል ማንም የለም፣ እኔም አልጠይቀውም። ግን ርግብ ለፈንግል የራሱ የሆነ የቫይረስ ዓይነት አለው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነስቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓን አዳረሰ። ርግቡ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ሚዛኑን ይስታል፣ ጥሬውን መልቀም ያቅተዋል።

ለልጁ የነገርኩት የሊቨርፑልን ታሪክ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ ክትባት ያልወሰዱ የዶሮ መንጋዎች ላይ 23 ጊዜ ፈንግል ተነሳ። ከእነዚህ አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነበር፤ በሊቨርፑል ወደብ መጋዘኖች ውስጥ የተከማቸ የመኖ እህል። መጋዘኑ ውስጥ የታመሙ ርግቦች ይኖሩ ነበር፤ ኩሳቸው እህሉ ላይ ወደቀ፣ እህሉ መኖ ሆነ፣ መኖው ወደ ዶሮ እርባታዎቹ ሄደ። ርግቦቹ ከእነዚያ ዶሮዎች አንዱን እንኳን አላገኙም።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማና «እንግዲህ መኖውን ነው መጠበቅ ያለብን?» አለኝ። አዎ፣ መኖውን ነው። መኖው ከከረጢት ወደ ክዳን ያለው በርሜል ተዛወረ። ከቤት ውጭ መኖ መበተን ቆመ። የቦቫንሶቹ ቤት መስኮት ላይ ርግብ የማያሳልፍ ወንፊት ተመታ። ልጁም ርግቦቹን ጠዋት በራሱ ግቢ መመገብ ጀመረ፤ ጠግበው ሲውሉ ወደ እኛ የሚያመጣቸው ነገር ቀንሷል። ሙሉ በሙሉ አልቀሩም፣ አይቀሩምም። ለዚያ ያለን መልስ ክትባት ነው።

የካቲት መጨረሻ፦ የክትባቱ ምሽት

የፈንግል ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ብሔራዊው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚያወጣቸው ኤች ቢ ዋን፣ ላሶታና ሙቀትን የሚቋቋመው አይ ቱ የምንላቸው ዓይነቶች አገሪቱን ያዳርሳሉ። አይ ቱ የተዘጋጀው አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ገጠር ታስቦ።

ቦቫንሶቹ ከልጅነታቸው ላሶታ በውኃ ሲወስዱ ኖረዋል። ሀበሾቹ፣ ቱርኪዎቹና ጅግራዎቹ ግን ተከትበው አያውቁም። አክስቴ በብዙ ቤት ያለውን ልማድ ነው የተከተለችው፦ ገንዘብ የወጣባት ዶሮ ትከተባለች፣ ቤት የተፈለፈለችው «ለምዳዋለች» ተብላ ትተዋለች። ፈንግል የሚገባው በዚህች በተተወችው በር ነው።

ሀበሾቹን ቀን መያዝ አይሞከርም። ምሽት ላይ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ፣ በእጅ ባትሪ ደብዛዛ ብርሃን አንድ በአንድ አወረድናቸው። አክስቴ ቀይዋን እናት ዶሮ ክንፎቿን አጥፋ ከደረቷ ጋር አስጠግታ ያዘች። ራሷን ወደ ጎን አዘንብዬ የጠብታ ማውጫውን ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ አድርጌ ያዝኩት፤ ዘንበል ካለ የጠብታው መጠን ይለያያል። አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ አርፋ እንደ ቀጭን መስተዋት ተዘረጋች። ዶሮዋ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት ጊዜ ዓይኗን ጨፈን ከፈት ስታደርግ ጠብታዋ ገባች፤ ያኔ ብቻ ለቀቅናት። ጠብታው ጉንጯ ላይ ከፈሰሰ ይደገማል። ለጫጩትም ለአውራውም መጠኑ አንድ ጠብታ ነው።

ቱርኪዎቹ ከባዶች ነበሩ፤ አንዱ ወንድ ቱርኪ የአናጺውን ረዳት በክንፉ መትቶ ጣለው። ጅግራዎቹ ሰፈሩን በጩኸት ቀሰቀሱት። ዳክዬዎቹን አልከተብኳቸውም፤ የእነሱ መከላከያ አጥሩና ገንዳው ነው።

ለቦቫንሶቹ የላሶታው ድጋሚ ጠዋት ተሰጠ። የከተማ ቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪኑ ሕይወት ያለውን የክትባት ቫይረስ ይገድለዋል። ስለዚህ በአንድ ሊትር ውኃ 2.5 ግራም ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት አስቀድሞ ይገባል። መጠጫው ፕላስቲክ መሆን አለበት። ዶሮዎቹ ቀደም ብለው ውኃ ተነፍገው ስለነበር በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሱት።

መጋቢት

ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተቡት ሁሉ ድጋሚ ወሰዱ። ከዚህ በኋላ በየሦስት ወሩ ነው።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት

በጾሙ ወራት ዶሮ አይታረድም፤ በየቤቱ ይጠራቀማል። ከዚያ የፋሲካ ሳምንት ሲደርስ ያ ሁሉ ዶሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፦ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በባጃጅ፣ እግሩ ታስሮ በእጅ። ከየወረዳው የመጣው በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ያልተሸጠው ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ የሚመለሰው ነው። ባለቤቱ «የራሴ ዶሮ ነው» ብሎ በቀጥታ ወደ መንጋው ይቀላቅለዋል። በሽታው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

ግቢያችን ውስጥ ደንቡ ተለጥፏል፦ የወጣ አይመለስም፤ አዲስ የመጣ ከሁሉ ተለይቶ ሦስት ሳምንት ይቆያል።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ

ሁለት ቤት አልፎ ካለ ግቢ ዶሮ መሞት ጀመረ። ሽማግሌው ባለቤት ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጌ ገባሁ። የቀሩት ጥግ ላይ ተኮራምተዋል፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንዲት ቄብ አንገቷ ወደ ጀርባዋ ተጠምዝዞ በክብ ትዞራለች። ሽማግሌው «ፈንግል ነው፣ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

አሁን የሞተችውን አንዷን ከፈትኩ። ከመፍጫው በላይ ያለችው ትንሿ ጨጓራ ስትገለበጥ ውስጧ እንደሚገባው ነጭ አልነበረም፤ በዕጢዎቿ አፎች ላይ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ የደም ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። አንጀቷም ላይ ቦታ ቦታው የደማ ቁስል አለ። ፈንግል ያመጣዋል። የወፍ ጉንፋንም ያመጣዋል፤ በዓይን መለየት አይቻልም፣ በልምድም አይቻልም። ስለዚህ ከጉሮሮና ከኩስ መውጫ በጥጥ የተወሰደ ናሙና በበረዶ ሳጥን ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ተላከ።

ልዩነቱ ለሰው ልጅ ትልቅ ነው። የፈንግል ቫይረስ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ከማቅላት አያልፍም፤ በጥቂት ቀናት ይለቃል። ኤች 5 ኤን 1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን ዓይነት ግን ሰው ገድሏል። በ1996 እ.ኤ.አ. በቻይና ጓንግዶንግ ዝይ ላይ የተገኘው ይህ ዓይነት በ1997 ሆንግ ኮንግ ላይ ወደ ሰው ተሻገረ። በ2004 ታይላንድ ውስጥ ሩዝ ማሳ ላይ የሚሰማሩ የዳክዬ መንጋዎች ጤነኛ መስለው እየዞሩ ቫይረሱን ያሰራጩ እንደነበር ታወቀ። በየካቲት 2006 ናይጄሪያ ደረሰ፤ ለአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ግብጽ፣ ሱዳንና ጅቡቲም አገኙት። እኛ አገር በዚያን ጊዜ ጉራጌ ውስጥ ጉብሬ ባለው የዶሮ ማራቢያ ዶሮ በገፍ ሲሞት ሁሉም ደነገጠ፤ ምርመራው የወፍ ጉንፋን አይደለም ቢልም የዶሮ ገበያው ግን ወድቆ ነበር። በ2015 አሜሪካ ውስጥ በዋናነት ኤች 5 ኤን 2 በሚባል ሌላ የወፍ ጉንፋን ዓይነትና እሱን ለማቆም በተደረገው ማስወገድ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮና ቱርኪ አልቋል፤ የሚኒሶታ ቱርኪ አርቢዎች ክፉኛ ተመቱ። ጨለለቃ ላይ በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የዱር ዳክዬዎች ያርፋሉ። ይህን ሁሉ እያወቁ በግምት ፈንግል ነው ብሎ መተው ለእኔ አይሆንልኝም።

ሽማግሌው ሬሳዎቹን ለውሻ ሊጥሉ ነበር። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከላይ ኖራ ተደርጎ ተቀበሩ።

ሚያዝያ መጨረሻ

ከላቦራቶሪው መልስ መጣ፤ ፈንግል ነው። ሽማግሌው ከመንጋቸው ከግማሽ በላይ አጥተዋል።

በእኛ ግቢ አንድም አልሞተም። የቦቫንሶቹ እንቁላል ለጥቂት ቀናት ቀነሰና ተመለሰ። አንዱ ቱርኪ አፍንጫው ፈስሶ ተለይቶ ቆየ፤ አገገመ።

አክስቴ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ወዲያው ሦስት አውራ ዶሮ የሚፈልግ ገዥ አገኘች። እዚህ ላይ ተከራከርን። ክትባት ዶሮዋን ከሞት ያድናል እንጂ ቫይረሱ እንዳይገባባት ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። የተከተበች ዶሮ ኃይለኛውን ቫይረስ ይዛ፣ በመጠኑ ያነሰ ቢሆንም፣ ለቀናት በኩሷ ልታወጣው ትችላለች። የእንቁላሉ መቀነስ ቫይረሱ አጥሩን ሳያልፍ እንዳልቀረ ይጠቁመኛል። ታዲያ እነዚያ አውራ ዶሮዎች ያልተከተበ መንጋ ያለው ገዥ ቤት ቢገቡ የእኛ ጤነኛ ዶሮ የእሱ ዳክዬ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ስላት ለረጅም ጊዜ አየችኝና «የሰው ቤት አላፈርስም» አለች። ገዥውን ከወር በኋላ እንዲመጣ ቀጠረችው። ገንዘቡ ያስፈልጋት እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውሳኔዋን እዚህ መጻፌ ተገቢ ነው።

ግንቦት፦ የማን እንቁላል ማን ይታቀፍ

የቀረው ከባድ ጥያቄ ጫጩት ነው። ቱርኪዋም ጅግራዋም ስትጥል አክስቴ እንቁላሉን ከሀበሻ ዶሮ ሥር ታደርገዋለች፤ የሀበሻ ዶሮ የምትታቀፈውን የሚያህል የለም። የሚፈለፈሉትም እናታቸው እሷ እንደሆነች አምነው ይከተሏታል፣ የምትጭረውን ይለቅማሉ። ወራት የፈጀው አጥር ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ይፈርሳል፦ ቫይረሱም፣ የትሉ እንቁላልም፣ ቅማሉም በቀጥታ ከዶሮ ወደ ቱርኪ ጫጩት ይሄዳል።

መታቀፉን አልከለከልንም። እንቁላሉ ንጹሕ ሆኖ፣ አዲስ የጤፍ ጭድ በተነጠፈበት፣ ለብቻዋ በተቀመጠች ዶሮ ሥር ይሆናል። ሲፈለፈሉና ላባቸው ሲደርቅ ግን ከእሷ ተወስደው ወደ ማሳደጊያ ሳጥን ይገባሉ። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ስለማይታወቅ አምፖል ላይ ብቻ መተማመን አልፈለግሁም፤ የጭድ ሳጥን ሠራን። ከእንጨት ሳጥን ውስጥ መሐል ላይ ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ክፍት ቦታ ተትቶ ዙሪያው በጭድ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ በጭድ የተሞላ የጆንያ ትራስ ይደረጋል። ጫጩቶቹን የሚያሞቃቸው የራሳቸው ሙቀት ነው። እዚህ አገር በምርምር ተሞክሮ ለገበሬ ሲሰጥ የቆየ ዘዴ ነው። የቱርኪ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይልቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ተጨምሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል። እስካሁን ጥሩ እየሄዱ ነው። አክስቴ ማታ ማታ ትራሱን ገለጥ አድርጋ ሳትቆጥራቸው አትተኛም።

ሰኔ

የክትባቱ ዙር ደረሰ። አንድ ብልቃጥ ከአንድ ግቢ ዶሮ በላይ ይበቃል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ብዙ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። ብዙ ሰው የማይከትበው ለዚህ ነው፤ ለአሥር ዶሮ አንድ ሙሉ ብልቃጥ መግዛት አይዋጥለትም።

ሽማግሌው፣ የርግቡ ልጅ ቤተሰብና ሌሎች አራት ቤቶች ከአክስቴ ጋር ተስማምተዋል። ብልቃጡ በመዋጮ ይገዛል፤ በአንድ ምሽት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በየቤቱ ጫማ ይቀየራል፤ ከግንቦት ወዲህ የተፈለፈሉት ሁሉ ይያዛሉ። ዙሩ የሚጀመረው ባለፈው በሽታ ካልገባባቸው ቤቶች ሲሆን የሽማግሌው ግቢ መጨረሻ ላይ ይሆናል። ሽማግሌው አዲስ ቄቦች ለመግዛት ቸኩለዋል፤ አሮጌው ጉዝጓዝ ተጠርጎ እስኪቃጠልና ቤቱ በኖራ እስኪቀባ እንዲቆዩ ለምኜያቸዋለሁ። ልጁ ደግሞ የጠብታ ማውጫውን ቀጥ አድርጎ መያዝ በውኃ እየተለማመደ ነው፤ የሀበሾቹን ክትባት ከእኔ ጋር እሱ ይሰጣል። ብልቃጡን የማመጣው ሐሙስ ነው፤ የበረዶ ሳጥኑ ተዘጋጅቷል።